አቶም፦ ከመልሱ በፊት ጥያቄው

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቁስ አካል ከምን ተሠራ?» ብንለው «ከአቶም» ብሎ ቶሎ ይመልሳል። «እንዴት ታወቀ?» ስንለው ግን ዝም ይላል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው መልሱን እንጂ ጥያቄውን አይደለምና ነው። እስቲ ዛሬ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ነገሩ የተጀመረው በጥንታዊት ግሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኤልያው ፈላስፋ ፓርመኒደስ አንድ ከባድ ክርክር አነሣ። ከምንም ምንም አይወጣም፤ ያለውም ወደ ምንም አይለወጥም። እንግዲያውስ ለውጥ የሚባል የለም፤ ዓይናችን ያታልለናል አለ። ታዲያ እንጨት ነድዶ ዐመድ ሲሆን እያየን ለውጥ የለም እንበል?

ሉኪፐስና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ460 ገደማ የተወለደው የአብዴራው ዴሞክሪተስ መውጫ አገኙለት። የማይወለዱ፣ የማይጠፉ፣ ከማነሳቸው የተነሣ የማይታዩ ቅንጣቶች አሉ፤ የሚንቀሳቀሱበት ባዶ ቦታም አለ። ቅንጣቶቹ ሲገጣጠሙ ነገር ይፈጠራል፤ ሲበታተኑ ይፈርሳል። የፓርመኒደስ ሕግ ሳይፈርስ ለውጥም ተፈቀደ ማለት ነው። «አቶሞስ» በግሪክኛ «የማይቆረጥ» ማለት ነው።

አቶሞቹ የሚለያዩት በቅርጽ፣ በቅደም ተከተልና በአቀማመጥ ብቻ ነው። አሪስቶትል ይህን ሲያስረዳ በፊደላት መስሎታል። በእኛም ፊደል ያስኬዳል፦ «ሰማ» እና «ማሰ» ፊደላቸው አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ግን አንዱ የጆሮ፣ ሌላው የዶማ ሥራ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክርክር እንጂ ሙከራ አልነበረም። ዴሞክሪተስ የኮምጣጣን ጣዕም በሹል አቶሞች ሲያብራራ መገመቱ ነበር። አሪስቶትል ደግሞ ባዶ ቦታ የለም ብሎ ተቃወመ፤ ሐሳቡም ለብዙ መቶ ዓመታት በረታ። ነገሩን የቈረጠው ልኬት ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ጆን ዳልተን በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ የክብደት ምጥን የሚዋሐዱበትን ምክንያት በአቶም አስረዳ። ዣን ፔረን ከ1908 ጀምሮ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንክብሎችን በማይክሮስኮፕ እየተከታተለ ለካ፤ የ1926ን የኖቤል ሽልማትም አገኘበት። በመካከሉ በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ስላገኘ፣ «የማይቆረጠው» አቶም ራሱ ክፍሎች እንዳሉት ታወቀ።

ስለዚህ «ዴሞክሪተስ አቶምን አገኘ» ብለን በሰሌዳ ላይ አንጻፍ። እርሱ የሰጠን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ማስረጃው የመጣው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለማስተማር ልምምዳችን አንድ ነገር እናቅርብ። ሮማዊው ባለ ቅኔ ሉክሬሺየስ የአቶምን ሐሳብ ሲከላከል፣ እርጥብ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንደሚደርቅ፣ ውሃው ሲሄድ ግን ማንም እንደማያይ ጠቅሷል። እኛም እርጥብ ጨርቅ እንስቀልና «ውሃው የት ገባ?» እንበል። ግማሹ ክፍል ለዴሞክሪተስ ይከራከር፤ ግማሹ «ውሃው ራሱ ወደ አየር ተለወጠ» ብሎ ለአሪስቶትል ይቁም። ጨርቁ ብቻውን ማንንም እንደማይረታ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ያን ጊዜ «ታዲያ በምን እንለይ?» ይላሉ። የሣይንስ ትምህርት የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።