የአምቡሊ ወንዝና የተራራው ሸንተረር

መፀው በኢትዮጵያ ደጋ የአበባ ወራት ነው። የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ሜዳው በዐደይ አበባ ይሸፈናል፤ ደፍርሰው የሰነበቱት ወንዞችም ጎድለው ይጠራሉ። በጅቡቲ ጠረፍ ግን የመፀው መግባት የሚታወቀው በአበባ ሳይሆን በአየሩ መለዘብ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ኸምሲን የተባለውም ደረቅና ሞቃት ነፋስ አሸዋ እያነሣ ይነፍሳል። ጥቅምት ተጋምሶ ኅዳር ሲቃረብ ሙቀቱ ስለሚበርድ፣ በእግር ተጉዞ ተራራ ለመውጣት የሚያመቸው ጊዜ ይኸው ነው።

በጅቡቲ ከተማ ውስጥ አምቡሊ የሚባል ወንዝ አለ። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ግን ወንዝ መሆኑን ሳያስተውል ሊሻገረው ይችላል፤ ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ የሚታየው አሸዋና ጠጠር ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ ከተማይቱ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የመጠጥ ውሃ ያገኘችው ከአምቡሊ ጉድጓዶች ነበር። በወንዙም ዳር የቴምርና የአትክልት ቦታዎች ለምተው ነበር። ከላይ ደረቅ መስሎ የሚታየው ወንዝ ከሥሩ ውሃ ያቁር ነበር ማለት ነው።

የዚህን ወንዝ ጠባይ ለመረዳት የሚሻ ሰው በአሸዋው ላይ ቢመላለስ ብዙ አያተርፍም። መውጣት ያለበት ወደ ተራራው ነው። ከከተማው በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ የአርታ ተራራ ይገኛል። ተጓዡ ፀሐይ ሳትበረታ ማልዶ፣ ውሃውን በኮዳ ይዞ፣ ከግርጌው ተነሥቶ ሸንተረሩን ተከትሎ ይወጣል። መንገዱ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። አልፎ አልፎ ከሚታዩት የግራር ዛፎች በስተቀር ጥላ የሚሆን ነገር የለም። ከፍ ካለው ቦታ ደርሶ ወደ ሰሜን ሲመለከት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ከባሕሩም ማዶ የዳይን የጽድ ደን ያቀፉት የጎዳ ተራሮች ይታያሉ። ወደ ምሥራቅ ሲዞር ደግሞ ኮረብታዎቹ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያሉ ወደ ከተማው ይወርዳሉ።

አስተዋይ ተጓዥ በመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ ተደንቆ አይመለስም። ከእያንዳንዱ ተዳፋት አንድ ቀጭን ቦይ ይወርዳል፤ ቦዩ ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ ሦስተኛውን ይጨምራሉ። በዚህ ዓይነት በመቶ የሚቆጠሩ ደረቅ ቦዮች ተሰብስበው አንድ አምቡሊ ይሆናሉ። ድንጋዩ የተራቆተ፣ አፈሩም ስስ ስለ ሆነ ዝናብን ይዞ የሚያቆይ ነገር የለም። በከተማው በዓመት የሚዘንበው ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው በጥቂት ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው ከቦይ ወደ ቦይ እየተንደረደረ፣ በታች ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ፣ ሳይታሰብ ከሰፈሩ ይደርሳል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ደራሽ ጎርፍ ግን ለማሳሳቅም ጊዜ አይሰጥ።

በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ዘንቦ አምቡሊ በሞላ ጊዜ ጎርፉ በዳርቻው የነበሩትን ሰፈሮች ጥሶ ገባ። ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም መጠለያ አጡ። በምድር ባቡር ከጅቡቲ ጋር በተሳሰረችው በድሬዳዋም ተመሳሳይ መከራ ደርሷል። የደቻቱ ወንዝ እንደ አምቡሊ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይገበያይበታል፣ ይመላለስበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ጎርፉ ግን ጥፋት ብቻ አያመጣም። ከሚፈሰው ውሃ ከፊሉ በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ሰርጎ በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ይጠራቀማል። የከተማይቱ ጉድጓዶች የሚታደሱት በዚሁ ነው። ሕዝቡ እየበዛ፣ የሚቀዳውም ውሃ ከሚተካው እየበለጠ ሲሄድ የባሕሩ ጨው ወደ ከርሰ ምድሩ ውሃ ዘለቀ። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ፣ በቧንቧ ውሃ ወደ ጅቡቲ ይሄድ ጀመር።

ተጓዡ ከሸንተረሩ ሲወርድ በቦዩ ውስጥ ማለፍ አቋራጭ መስሎ ቢታየውም አይሞክረውም፤ ጉብታውን ይዞ ይመለሳል። በታች ያለ ሰው የሚያየው አሸዋ ነው፤ ከላይ ሆኖ ያየ ግን አሸዋው የተራራው ደጃፍ መሆኑን ይረዳል። ቤት የሚሠራም ሆነ ከተማ የሚያቅድ ሰው፣ መሠረት ከመጣሉ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የቃላት ፍች

ሸንተረር፦ ረዘም ብሎ የተዘረጋ የተራራ ጀርባ
ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት
ደራሽ ጎርፍ፦ ሳይታሰብ በድንገት የሚመጣ ጎርፍ
ከርሰ ምድር፦ የመሬት ውስጠኛው ክፍል

ጥያቄዎች

1. እንግዳ ሰው አምቡሊ ወንዝ መሆኑን የማያስተውለው ለምንድን ነው?
2. በተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ፈጥኖ ወደ ከተማው እንዲደርስ የሚያደርጉትን ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. አምቡሊና ደቻቱ በምን ይመሳሰላሉ?
4. «አሸዋው የተራራው ደጃፍ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
5. በአካባቢያችሁ ካለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ወጥታችሁ ውሃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ፤ ያያችሁትንም በሁለት አንቀጽ ጻፉ።