ስዊዝን በእግር፣ ኪስ ሳይራቆት

ስዊዘርላንድ ውድ አገር መሆኗን የሚክድ የለም። ኢንተርላከን ላይ አንድ ሳህን ምሳ 25 ፍራንክ ቢጠየቅበት አይገርምም። ከዚያው ከተማ ተነሥቶ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ዩንግፍራውዮኽ በባቡር ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ሙሉ ዋጋው ከ200 ፍራንክ በላይ ነው። ሒሳቡን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ውዱ ተራራው አይደለም። ውዱ የሰው ጉልበት ነው፤ በተለይም ሰውንና ዕቃን ወደ ላይ የሚያወጣው ጉልበት። ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ኬብል ካሩን የሚያንቀሳቅሰው ሁሉ በስዊዝ ደመወዝ የሚኖር ነውና ደመወዙን የሚሸፍነው እንግዳው ነው። ስለዚህ በአልፕስ ተራሮች በትንሽ ገንዘብ መጓዝ የሚፈልግ ሰው ርካሽ ሆቴል በማሰስ ጊዜውን ባያባክን ይሻላል። ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሁሉ ራሱ ይሥራ፤ ገንዘቡን ደግሞ ራሱ ሊሠራው ለማይችለው ነገር ያስቀምጥ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ነጻ የሆነው ነገር ብዙ ነው። በአገሪቱ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የእግር መንገድን ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። በ1985 የወጣው ሕግ ደግሞ መንገዶቹ እንዲታቀዱና እንዲጠገኑ፣ ያለ አደጋም እንዲያስኬዱ ካንቶን የሚባሉትን የአገሪቱን የአስተዳደር ክልሎች አስገደደ። እንደ ሰሜን ተራሮች ፓርካችን የመግቢያ ትኬት፣ ስካውት ወይም አስጎብኚ መያዝ አያስፈልግም። መንታ መንገድ በተገኘበት ሁሉ ቢጫ ሰሌዳ ቆሟል፤ የሚደረስበት ቦታ ስምና የሚወስደው ሰዓትም ተጽፎበታል። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ጠንካራ ጫማና የማይዞር ራስ የሚፈልግ የተራራ መንገድ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሆነ ግን የበረዶ ግግርና በእጅ የሚወጣ ገደል ሊኖርበት ስለሚችል ለጀማሪ አይሆንም። የመንግሥት ካርታ መሥሪያ ቤቱ ስዊስቶፖም ዝርዝር ካርታዎቹን ከ2021 ጀምሮ በነጻ ለቋል፤ መተግበሪያውን ስልክ ላይ ጭኖ የሚሄዱበትን አካባቢ ኔትወርክ ሳይጠፋ ማውረድ ነው። ውኃውም ነጻ ነው፤ በየመንደሩ ገንዳ ላይ የሚወርደው ምንጭ «ካይን ትሪንክቫሰር»፣ ማለትም አይጠጣም፣ የሚል ጽሑፍ ካልተለጠፈበት ይጠጣል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀን መምረጥ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ያሉ የተራራ በሮች (መተላለፊያዎች) ላይ በረዶው እስከ ጁላይ መጀመሪያ ሊቆይ ይችላል። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ደግሞ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ማደሪያው ይጨናነቃል። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው የሚሻለው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ይቀንሳል፣ ቦታ ይገኛል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ 2,000 ሜትር ላይ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው እስከ ዜሮ ዲግሪ የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው መንገዱን መምረጥ ሲሆን፣ ወጪው አብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የቁጠባ መንገድ ከባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያ ላይ የሚያልቅ፣ በየሁለት ቀኑም ሱቅ ያለበት መንደር የሚያገናኝ ነው። ከፋዱዝ ተነሥቶ ሞንትሮ የሚደርሰውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቪያ አልፒና በበርን ደጋማ አገር የሚያልፍበት ክፍል ለዚህ የተመቸ ነው። ከማይሪንገን በግሮሰ ሻይዴክ (1,962 ሜትር) ወደ ግሪንደልቫልድ፣ ከዚያ በክላይነ ሻይዴክ (2,061 ሜትር) ወደ ላውተርብሩነን፣ ከዚያ በሴፊነንፉርገ (2,612 ሜትር) ወደ ግሪስአልፕ፣ በመጨረሻም በሆኽቱርሊ (2,778 ሜትር) ወደ ካንደርሽቴግ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጉልበት ማሟሻ ናቸው፤ ጉልበት ቢክድ በሮቹ ላይ አውቶቡስ ወይም ባቡር አለ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ሌላ ናቸው። ላውተርብሩነን 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በአንድ ቀን 1,800 ሜትር ሽቅብ መውጣት ይጠይቃል። ከሆኽቱርሊ በፊት ያለው የመጨረሻ አቀበትም በሚንሸራተት ጥቁር ጠጠር ላይ የእንጨት ደረጃና መያዣ ገመድ የተዘረጋበት ነው። ኑሮው አዲስ አበባ የሆነ ሰው ከፍታው ራሱ እምብዛም አያስጨንቀውም፤ ቤቱ 2,300 ሜትር ላይ ነውና። የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው፣ በተለይ 12 ኪሎ ቦርሳ የተሸከመ ጉልበት። ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ዕረፍትን ስለማይጨምር ድንኳን የያዘ ሰው ሲሶ ያህል ቢያክልበት ከእውነቱ አይርቅም።

ከላውተርብሩነን እስከ ሙረን ያለውን 800 ሜትር ጫካ በኬብል ካርና በባቡር መውጣት ደንቤን ማፍረስ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ደንቡ ራስዎ ሊሠሩት የሚችሉትን ራስዎ ይሥሩ ነው እንጂ ጉልበትዎን በአጉል ቦታ ይጨርሱ አይልም። በዚያ ቀን የሚቆጠበው ጉልበት ሴፊነንፉርገን ከነጎድጓዱ በፊት ለመሻገር የሚያስፈልገው ነው። ለኬብል ካር መክፈል የማይፈልግ ሰው ደግሞ ጉዞውን ለሁለት ከፍሎ ከሙረን በላይ ባለው ሮትሽቶክ ጎጆ ቢያድር ይሆናል።

ወደ ተራራው መድረሻውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም። የባቡር ትኬት ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ሲገዛ፣ በተለይ ለተወሰነ ባቡር ብቻ የሚያገለግለው ቅናሽ ትኬት፣ በእጅጉ ይረክሳል። ባቡርን፣ አውቶቡስንና አብዛኛውን ኬብል ካር በግማሽ የሚያወርደው የግማሽ ዋጋ ካርድ የሚያዋጣው የጉዞዎ ሙሉ ዋጋ ተደምሮ ከካርዱ ዋጋ እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ይህንን ሳያሰሉ አይግዙት። ብዙዎች የሚዘነጉት የእንግዳ ካርድን ነው። በየአካባቢው የሚያድር ሰው የማዘጋጃ ቤት ቀረጥ ስለሚከፍል በምትኩ ካርድ ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ካርድ ከቀረጡ ብዙ እጥፍ ይመልሳል። በቲቺኖ ካንቶን ከ2017 ጀምሮ ካምፕ ውስጥ በድንኳን ያደረ ሰው ሳይቀር በካንቶኑ ሕዝብ ማመላለሻ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። በዛስ ሸለቆም ካርዱ በበጋ አብዛኛውን ኬብል ካር ይጨምራል። ቦታ ሲመርጡ የአልጋውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚሰጠውንም ይጠይቁ።

ማደሪያ ላይ ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው በሸለቆ ያለ የካምፕ ሥፍራ ነው፤ ለአንድ ሰውና ለትንሽ ድንኳን ከ20 እስከ 30 ፍራንክ ገደማ፣ ሙቅ ሻወርና ብዙውን ጊዜ የጋራ ማብሰያ ይዞ። ሁለተኛው የተራራ ጎጆ ነው። በ1863 የተመሠረተው የስዊዝ አልፓይን ክለብ ብቻውን 150 ያህል ጎጆዎች አሉት፤ አባል ላልሆነ ሰው የጋራ መኝታ ከእራትና ከቁርስ ጋር በአብዛኛው ከ70 እስከ 100 ፍራንክ ያስከፍላሉ። ብዙዎቹ ሽንኩርቱንም ጋዙንም የሚያመጣላቸው ሄሊኮፕተር ነው፤ አንድ ተኩል ሊትር ውኃ 10 ፍራንክ አካባቢ የሚሸጠውም ስለዚህ ነው። ጀርመን ወይም ኦስትሪያ የሚኖሩ ወገኖች የአገራቸውን አልፓይን ክለብ አባልነት ቢይዙ በክለቦቹ ስምምነት መሠረት በስዊዝ ጎጆዎችም የአባል ዋጋ ያገኛሉ። ጎጆ ሲይዙ እራት ሳይጨመር አልጋ ብቻ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘብና ከብርድ ልብሱ ሥር የሚገባውን ስስ የመኝታ ከረጢት አይርሱ፤ መምጣትዎ ከቀረ ደግሞ ደውለው ያስታውቁ፣ አለዚያ ያስከፍላሉ።

ሦስተኛው አማራጭ፣ ከዛፍ መስመር በላይ ድንኳን መትከል፣ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የሚወራበት ነው። በአገሪቱ ሙሉ የሚሠራ አንድ ወጥ ፈቃድ የለም፤ ጉዳዩ በካንቶኑና በቀበሌው ይለያያል። በጥቅሉ ከዛፍ መስመር በላይ፣ ጥቂት ሰው ሆኖ፣ ለአንድ ሌሊት ማደር ችግር አያመጣም። ነገር ግን በ1914 በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ፣ አደን በተከለከለባቸው የፌዴራል ክልሎችና በዱር እንስሳት ጸጥታ ክልሎች ፈጽሞ አይቻልም፤ ቅጣትም አለው። እነዚህ ክልሎች በስዊስቶፖ መተግበሪያ ላይ እንደ ተጨማሪ ሽፋን ስለሚታዩ ማጣራቱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ከብት በሚሰማራበት መስክ ላይ ባለቤቱን መጠየቅ፣ በራፉን ከፍቶ መልሶ መዝጋት፣ ጥጃ ካላት ላም ራቅ ብሎ ማለፍ ደንብ ነው።

ምግብ ላይ ግን ሐበሻ ተጓዥ ከሌላው ይልቅ የሚቀድምበት ነገር አለ። የአውሮፓ ተጓዥ ምድጃና የጋዝ ቆርቆሮ ተሸክሞ (ጋዙ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ እዚያው ይገዛል) ፓስታ ሲቀቅል፣ በሶ የያዘ ሰው ጽዋና ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ክብደታቸው ትንሽ፣ ጉልበታቸው ብዙ ነው፤ አይበላሹም፣ ምድጃውንም ያስቀራሉ። ጭኮ ከሆነማ ምሳው አለቀ፤ ሁለት የእጅ ጭብጥ ከሰዓቱን ሙሉ ያስኬዳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣውም ንጥር ቅቤውም ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ በሶውን ከቤት ይዞ፣ ቅቤውን እዚያው ገዝቶ ማንጠር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚገባ ሰው ግን ሥጋ እስከ 1 ኪሎ፣ ቅቤም እስከ 1 ኪሎ ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል። የቀረውን ከሱቅ ይሸምቱ፤ ሚግሮ ውስጥ ኤም-በጀት፣ ኮፕ ውስጥ ፕሪ ጋራንቲ የሚል ምልክት ያለባቸው ዕቃዎች ርካሾቹ ናቸው፤ ከመዝጊያ ሰዓት በፊት ደግሞ የዕለቱ ዳቦና ሰላጣ ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጠፋል። በጠቀስኩት መንገድ የመጨረሻው ሱቅ ሙረን ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ካንደርሽቴግ ግሪስአልፕን ጨምሮ መገበያያ ስለሌለ የሁለት ቀን ስንቅ ከዚያ መያዝ አለበት። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ መሆኑንም ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ከማሰብ ለምን ኦስትሪያ አይሄዱም የሚል ይኖራል። ሙግቱ አይናቅም፤ እዚያ ጎጆውም ምግቡም ይረክሳል። በጎጆ እያደረና እየተመገበ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ኦስትሪያ ይሻለዋል። ስንቁን ይዞ በድንኳን ለሚሄድ ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ ምክንያቱም የሚያስወድደውን አገልግሎት መጀመሪያውኑ አልገዛም። እንዲያውም በቲሮል ከካምፕ ሥፍራ ውጭ ድንኳን መትከል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቆጣቢው ተጓዥ ጎጆ ለመክፈል ይገደዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብደው ነው፦ በሌሎች ቀረጥ የተጠገነ መንገድ ላይ እየሄዱ ምንም ሳያወጡ መመለስ ጥገኝነት አይደለም ወይ? ምንም አለመክፈል ቢሆን ኖሮ አዎ ነበር። ነገር ግን በካምፕ ሥፍራ ቀረጡ ይከፈላል። በሳምንት አንድ ሌሊትም ጎጆ ማደር ለጉዞውም ለጎጆውም ይጠቅማል፤ ልብስ ይደርቃል፣ የነገውን መንገድ ሁኔታ ከጠባቂው የተሻለ የሚያውቅ የለም። በየተራራው የግጦሽ ቤት ደጃፍ አይብ የተቀመጠበት ፍሪጅና የገንዘብ ሣጥን ይገኛል፤ የሚጠብቀው ሰው የለም፣ ዋጋው ተጽፏል። እዚያ የሚጣለው ፍራንክ ከብቱን ለሚያረባው ሰው በቀጥታ ይደርሳል፤ አይቡም ስንቅ ነው።

የቀረው ሊቆጠብበት የማይገባው ነው። ጫማ አዲስ ሳይሆን እግር የለመደው ይሁን፤ የዝናብ ልብስ ደግሞ ከስዊዝ ከተሞች ይልቅ ከአገር ቤት ወይም ከጎረቤት አገር ይገዛ። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ዋስትና የተራራ ፍለጋንና ሄሊኮፕተርን መጨመር አለመጨመሩን ውሉን አንብቦ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ብዙ ርካሽ ውሎች አይጨምሩም። በ1952 የተመሠረተው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሬጋ ስልክ ቁጥሩ 1414 ነው፤ በቫሌ ካንቶን ግን 144 ይደወላል። በዓመት ወደ 40 ፍራንክ ለሬጋ የሚያዋጣ ደጋፊ፣ ዋስትናው ካልሸፈነለት ድርጅቱ ወጪውን ሊተውለት ይችላል፤ ይህም ግን ሕጋዊ ግዴታ ስላልሆነ ዋስትናን አይተካም። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በፉጨት ወይም በባትሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ምልክት ይሰጣል፣ አንድ ደቂቃ ይታረፋል፣ ይደገማል። ሄሊኮፕተሩ ሲታይ ሁለት እጅን ሽቅብ መዘርጋት «ርዳታ እንፈልጋለን» ማለት ነው፤ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች መዘርጋት ደግሞ «አያስፈልገንም»። ስለዚህ በላይዎ ለሚያልፍ ሄሊኮፕተር ሰላምታ ብለው ሁለት እጅ አያንሡ።