የማገዶ ጭስና የልጅዎ ክብደት



ልጅዎ ሲወለድ ስንት ኪሎ እንደነበር ያስታውሳሉ? ብዙ እናቶች የተወለደበትን ቀንና ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይነግሩናል፤ ክብደቱን ግን አያውቁትም። ቤት ውስጥ የተወለደ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አልተመዘነም። ሕፃን ሲወለድ ከ2500 ግራም በታች ከሆነ የልደት ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል፣ ጡት ለመጥባት ይደክመዋል፣ በሳንባ ምችና በሌሎችም በሽታዎች በቀላሉ ይጠቃል።

ክብደቱ ለምን አነሰ ሲባል በቅድሚያ የሚነሳው የእናቲቱ ምግብ ነው። ትክክል ነው። የደም ማነስና የልጅ መደራረብም አሉ። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን፣ በየማድ ቤቱ ያለውን ጭስ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የወጣ ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱ እናቶችን ያውቃል። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ማገዶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ቤቶች እንኳ መብራት ሲጠፋ ወደ እሱ ይመለሳሉ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ነፍሰ ጡሯ ምጣዱ ላይ አጎንብሳ፣ እሳቱን እፍ እያለች ረዥም ሰዓት ትቆያለች። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከነበልባሉ ጭሱ ይበዛል። ጭሱን ወድዳ የምትስብ የለችም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እናቶችን ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም።

ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው አየር አለ። ወደ ሳንባ ሲገባ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጽንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ የእናትየው ደም ሲጎድልበት እሱም ይጎድልበታል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። የእንጦጦ ጋራ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉለሌም ከሥሩ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ራሱ ስስ በመሆኑ የሚወለዱ ሕፃናት በአማካይ በቆላ ከሚወለዱት ቀለል ይላሉ። ጭሱ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ከጋዙ ሌላ ደቃቅ ጥላሸት አለ። በቤልጂየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት እናቶች የተነፈሱትን የጥላሸት ቅንጣት በጽንሱ በኩል ባለው የእንግዴ ልጅ ክፍል ውስጥ አግኝተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት እናርም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ተብሎ ምድጃው ወደ ቤት ይገባል፤ በክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ ቡና ይፈላል፣ ይሞቃል። ጭስ የማይታይበት ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ «የእርግዝናው ነው» ብለው አይቀመጡ። ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጡ፣ ካልተሻለዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ምድጃ አጠገብ አድርጎ መተኛት ሕይወት ያጠፋል።

ነገሩ ቀሎ በመወለድ ብቻ ላያበቃ ይችላል። በኒውዮርክ ከተማ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አየር የሚለካ መሣሪያ በቦርሳ እንዲይዙ አደረጉ። ከዚያም ልጆቻቸውን ተከታተሉ። የለኩት ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባለውን፣ ነዳጅም ሆነ እንጨት በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣውን ቆሻሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገለጹት፣ ብዙ ብክለት ከሳቡ እናቶች የተወለዱት በ7 ዓመታቸው ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ትንሽ ከሳቡት እናቶች ልጆች ከ2 እጥፍ በላይ ነበር። ይህ አንድ ጥናት ነው፤ ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ብሎ አይደመድምም። ሲጋራ ከሚያጨሱ እናቶች የሚወለዱ ልጆችም ሲወለዱ ቀለው፣ በኋላ ግን የመወፈር ዝንባሌ እንደሚያሳዩ በብዙ አገር ታይቷል።

በእኛ አገር ትልቁ ችግር አሁንም መቀጨጭ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። ሆኖም «ልጁ ፋፋ» ማለት ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም።

ታዲያ ምድጃ መቀየር ይበቃል? በህንድ፣ በጓቲማላ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3200 ያህል ነፍሰ ጡሮች የተካፈሉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ግማሾቹ የጋዝ ምድጃ ተሰጣቸው። የሚስቡት ጭስ በእጅጉ ቀነሰ፤ የልጆቹ የልደት ክብደት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ይህን ልንደብቅዎ አንፈልግም። ሴቶቹ ጥናቱ ውስጥ የገቡት እርግዝናው ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ነው፤ እንግዴ ልጁ ግን መሠራት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። በእኛ አስተያየት እርግዝናን አቅዶ፣ ቤቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚጠቅመው አንዱ ለዚህ ነው። ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቶ ማርገዝም ሰውነትዎ ደሙን እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ያድርጉ። ከተቻለ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይጋግሩ፤ በሩን ይክፈቱ። ማገዶውን አድርቁት፤ ለማቀጣጠል ላስቲክና አሮጌ ጫማ አይጠቀሙ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ የጭስ ማውጫ ካልተሠራለት ግን ጭሱ እዚያው ቤት ይቀራል። በእርግዝናዎ ወራት መጋገሩን ሌላ ሰው ቢይዘው ይመረጣል። ባልም ምጣድ ቢጥድ ነውር የለውም፤ እጁ አይቃጠልም! ከባድ ሸክምም ለእርስዎ አይደለም።

ለቅድመ ወሊድ ክትትል ሲመጡ ነርሷ ስለ ምግብዎ ትጠይቅዎታለች። በምን እንደሚያበስሉና የት እንደሚያበስሉ ባትጠይቅዎ እርስዎ ይንገሯት። የቀድሞ ልጅዎ የክብደት ካርድ ካለም ይዘው ይምጡ።