ክሎን፦ ከደባት የድንች ማሳ እስከ ዋልያ

 

«ክሎኒንግ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ነው፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አድጎ ድንገት የሚወጣ የሰው ግልባጭ። እስቲ ዛሬ ከዚያ ወጥተን ወደ ደባትና ደባርቅ ማሳ እንሂድ። የጎንደር ልጅ ከሆናችሁ ክሎን እየበላችሁ ነው ያደጋችሁት።

የደጋ ገበሬ ድንች ሲተክል ዘር አይበትንም፤ ድንቹን ራሱን ይቀብራል። በድንቹ ላይ የምታዩአቸው «ዓይኖች» ያቆጠቁጣሉ፤ ከእነሱ የሚበቅለው ተክል ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ዘረመል አለው። የአባት ድርሻ የለበትም። ክሎን ማለት ይኸው ነው። ነጭ ሽንኩርት ፈልቅቀን ስንተክልም፣ ሙዝ ከሥሩ በሚወጣው ችግኝ ሲባዛም ነገሩ ያው ነው።

ድንች ያብባል እኮ! ቲማቲም የምትመስል ትንሽ አረንጓዴ ፍሬም ይይዛል (መርዝ አላት፤ ሕፃናት እንዳይቀምሷት)። በውስጧ ያለው ዘር ከአባትና ከእናት የተቀላቀለ ስለሆነ እያንዳንዱ ዘር የተለየ ድንች ይሰጣል። ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ የሚያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔ (እ.ኤ.አ. 2006) እና በለጠ (2009) የታወቁ ናቸው። ዝርያው አንዴ ከተመረጠ በኋላ የሚባዛው በድንቹ ነው። ስለዚህ በየማሳው ያለው «በለጠ» ሁሉ በዘረመሉ እንደ አንድ ተክል ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ምን እንደሚያፍስ ያውቃል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። የአየርላንድ ድሆች በአብዛኛው ላምፐር የተባለ አንድ ዝርያ ይተክሉ ነበር። በ1845 ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ገባና በተከታዮቹ ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ። ያው በሽታ ዛሬም ዝናብና ጉም ሲበዛ የእኛን ደጋ ድንች ያጠቃል። ሌላው ደግሞ ተክሉን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ነው፤ ድንቹ ውስጥ ተደብቆ ከዘሩ ጋር ከማሳ ማሳ ይጓዛል። ቤተሰባችሁ ገበሬ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፦ ገበያ ያልፈለገውን ትንንሹን ድንች ለዘር ማስቀረት አደጋ አለው። ተክሉ በማሳ ላይ እያለ ጤነኛና ብርቱ የሆነው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ዘሩም ከእሱ ይያዝ።

በእንስሳት ነገሩ ይከብዳል። በግ ከዓይን አይበቅልም! ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 ስኮትላንድ ስትወለድ ሳይንቲስቶቹ ከአንዲት በግ ጡት ህዋስ ወሰዱ። ከሌላ በግ እንቁላል ውስጥ ደግሞ ኒውክለሱን አወጡ። ሁለቱን በኤሌክትሪክ ንዝረት አዋሃዱና ጽንሱን በሦስተኛ በግ ማህፀን አኖሩት። 277 ጊዜ ህዋስና እንቁላል ተዋህዶ በሕይወት የተወለደችው ዶሊ ብቻ ነበረች። ልብ በሉ፤ የተወለደችው ግልገል ሆና ነው፣ እንደ ማንኛውም ግልገል ጠብታ ነው ያደገችው። በ2009 ዱባይ ውስጥ ኢንጃዝ የተባለች የመጀመሪያዋ ክሎን ግመል ተወልዳለች።

«ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የምትሉ አላችሁ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ ሰውን ክሎን ማድረግን ከልክሏል፤ በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ ግን በሸሪዓ ወሰን ውስጥ ለጥቅም እስከዋለ ድረስ ፈቅዷል። ድንቻችሁን በሰላም ብሉ።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ዋልያ ቁጥሩ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። «ቢጠፋ ክሎን ይደረጋል» የሚል ወጣት አጋጥሞኛል። ስፔን ይህን ሞክራለች። ቡካርዶ የተባለው የዋልያ ዘመድ የመጨረሻዋ እንስሳ በ2000 ሞተች፤ ከመሞቷ በፊት ግን ህዋሷ ተወስዶ ነበር። በ2003 ክሎኗ በፍየል ማህፀን አድጋ ተወለደች፤ ሳንባዋ ጉድለት ስለነበረበት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ብትተርፍም ኖሮ ሴት ነበረች፤ የሚያጠቃት ወንድ ቡካርዶ በምድር ላይ አልቀረም ነበር።