ፊልም እያየን ምርምር እንማር

ውድ ዕጩ መምህራን!

ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ ካንዱ ትምህርት ቤት በተመደባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጋጥማችሁን ነገር ካሁኑ ልንገራችሁ። ስም ትጠራላችሁ፤ አንዲት ልጅ «አቤት» ሳትል ትቀራለች። በማግስቱም የለችም፤ በሳምንቱም የለችም። መምህራን ማረፊያ ገብታችሁ ስትጠይቁ አንዱ «ድረዋት ይሆናል» ይላችኋል። ሁለተኛው «ከብት ጥበቃ ይዛ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ተዋት፣ ድሮም ሰነፍ ናት» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስቱም አልጠየቁም፤ ሦስቱም ግን ፈርደዋል። «ሰነፍ» የምትባል ቃል ደግሞ አንዴ ከተለጠፈች ልጅቱ ተመልሳ ብትመጣ እንኳ በቀላሉ አትለቅም።

የሥነ ልቡና የምርምር ዘዴ የሚጠቅመን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ግን «መላምት፣ ናሙና፣ ተለዋዋጭ» እያልን ሸምድደን ከፈተናው በኋላ እንረሳዋለን። ታዲያ ምን ይሻላል? በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አንድ ዘዴ ነው፤ ይኸውም ሰው ሁሉ በሚወደው ፊልም መለማመድ። ፊልም ሦስት ጥቅም አለው። ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር እኩል ያያል፤ ያልገባንን መልሰን ማየት እንችላለን፤ በግምታችን ብንሳሳትም የሚጎዳ ልጅ የለም። አዳራሽ ባይገኝ አንድ ላፕቶፕ ከበን ማየት ይበቃናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ምልከታ

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» 2015 ላይ በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ በድርቅ ምክንያት እናቱን ያጣል፤ አባቱ ዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ የሚወዳት አንዲት በግ አለችው፤ አጎቱ ግን በጓ ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል። ለደጋ ልጅ ይኸ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

አሁን አሥር ደቂቃ የሚሆነውን ክፍል ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በቀኝ «ያየሁት»፣ በግራ «የገመትኩት» ብላችሁ ጻፉ። «ልጁ አዝኗል» የሚለው የቱ ጋ ይገባል? በግራ ነው እንጂ! ኀዘን በዓይን አይታይም። የሚታየው አንገቱን መድፋቱ፣ ሲጠሩት አለመመለሱ ነው። ክፍል ውስጥም «አትከታተልም» ከማለታችን በፊት ያየነው ምን እንደሆነ መለየት አለብን። ምናልባት ልጅቱ ቁርስ አልበላች ይሆናል፤ ምናልባትም ሰሌዳው አይታያት ይሆናል።

ቀጥሎ አሥሩን ደቂቃ በሃያ ግማሽ ደቂቃዎች ከፋፍሉ። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ በእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ «ልጁ ከሰው ጋር ተነጋገረ ወይስ አልተነጋገረም» ብለው ምልክት ያድርጉ። ከሃያው በአሥራ ስድስቱ ቢስማሙ ስምምነታቸው 80 በመቶ ነው ማለት ነው። ያልተስማሙበትን አራቱን መልሳችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዓይን ሳይሆን የትርጉም ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ አንዱ ራስ መነቅነቅን «ንግግር» ብሎ ቆጥሮታል፣ ሌላው አልቆጠረውም። አስተማማኝነት የሚባለው ነገር ይኸው ነው።

፪. የአንድ ጉዳይ ጥናት

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» 2014 ላይ የወጣ ፊልም ነው። መነሻው 1996 ላይ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ሲሆን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችበት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተከራከረላት፤ ነፃም ወጣች።

ፊልሙ ሲያልቅ ብዙ ሰው «አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ነው መቆም! አንድ ጉዳይ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን፣ ከመንገዱ እስከ ሽማግሌው፣ ከፖሊሱ እስከ ፍርድ ቤቱ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ስንት ጊዜ እንደሚሆን ግን አይነግረንም። እዚያ በፊልሙ ጠለፋ ነው፤ በአማራ ክልል ሴት ልጅ ከትምህርት ስትቀር ይበልጥ የሚነሣው ግን ወላጅ የሚያስማማው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። የልጅቱ መቅረት ምክንያት ግን ይኸም ያም ላይሆን ይችላል። የሌላውን አገር መልስ አምጥተን በስማዳ ልጅ ላይ መለጠፍ አይገባም።

ሌላም ትምህርት አለው። ፊልሙ በመስከረም 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ምክንያቱም ባለታሪኳ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ በመክሰሷ ነበር። የክሱን ዳኝነት ለዳኞች እንተወው። ለእኛ የሚቀረን ጥያቄ «የሰው ሕይወት ለጥሩ ዓላማም ቢሆን ሳያስፈቅዱ ይወሰዳል ወይ?» የሚለው ነው። የባለታሪኳን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ስለዚሁ ነው። የተማሪዎቻችሁንም ስም በጥናታችሁ ላይ አትጻፉ።

፫. ሙከራ

ፊልም ራሱ የተመረመረበት ጊዜም አለ። አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ 1963 ላይ 96 ሕፃናትን እያንዳንዳቸው 24 በሆኑ አራት ቡድኖች ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን አዋቂ ሰው የላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ በአካል አየ፤ ሁለተኛው ያንኑ በፊልም አየ፤ ሦስተኛው ካርቱን በሚመስል ፊልም አየ፤ አራተኛው ምንም አላየም። በፊልም ያዩት ሕፃናት ምንም ካላዩት እጥፍ ወደሚጠጋ ጠበኝነት አሳዩ። ያ አራተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ ይኸን ማለት ባልተቻለ ነበር። ሆኖም አሻንጉሊት መምታትና ጓደኛን መምታት አንድ ነው? ይኸንን ተከራከሩበት።

፬. ወደ ልጅቱ እንመለስ

እንግዲህ ያቺን የቀረችውን ልጅ በግምት አንፍረድባት። መጀመሪያ በወሰነ ትምህርቱ የቀሩትን ሁሉ ከስም መጥሪያው አውጡ፤ ትዝ ያሏችሁን ብቻ አይደለም። ከዚያ ያልቀሩትንም ጠይቁ፤ የቤቱ ርቀት፣ የከብቱ ሥራ፣ ድርቁ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ እነሱ በምን ጸኑ? ቤቷ ሄዳችሁ እናት አባቷን አስፈቅዱ። ስትጠይቋትም «ሊድሩሽ ነው አይደል?» አትበሏት፤ ፈርታ «አዎ ቲቸር» ወይም «የለም ቲቸር» ትላለች እንጂ እውነቱን አትነግራችሁም። «ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ጋብቻ ሊፈጸም መሆኑን ከሰማችሁ ደግሞ ወረቀቱን አስቀምጡና ለርእሰ መምህሩና ለሚመለከታቸው ሁሉ ፈጥናችሁ አስታውቁ፤ የልጅቱ ደኅንነት ከጥናቱ ይቀድማል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በ«ላምብ» ውስጥ «ያየሁት» ብላችሁ ከጻፋችሁት መካከል ግምት ሆኖ የተገኘው የትኛው ነው?
2. «ድፍረት»ን አይቶ ስለ እስቴ መናገር የሚቻለውና የማይቻለው ምንድን ነው?
3. ከትምህርት መቅረትን በሙከራ ማጥናት ይቻላል? ይገባልስ?

መልካም ጥናት!