ከሰፈራችን ጉድለት የሚጀምር ሥራ



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ አንድ የጥናት ጽሑፍ ማቅረብ የተለመደ ነው። ዘንድሮ የመረጥነው ርዕስ የወጣቶች ሥራ ፈጠራና የማኅበረሰባችን ልማት ነው። ለምን ይህን እንደመረጥን ሳንደብቅ እንናገር። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ስም ስንጠራ «አቤት» የማይል ተማሪ ሁልጊዜ ይኖራል። አንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አገር ቤት ተመልሷል፤ አንዳንዱ ሌላ ት/ቤት ገብቷል። ጥቂቶቹ ግን፣ በተለይ ከፍ ባሉት ክፍሎች ያሉ ወንዶች ልጆች፣ በረሃውን አቋርጠው ወደ ሊቢያ መሄዳቸውን ከጓደኞቻቸው እንሰማለን። እናቶቻቸው ቢሯችን መጥተው ደብተራቸውን ሲጠይቁን የምንሰጠው መልስ የለንም። የቀሩትን ልጆች «ለምን ሄደ?» ብለን ስንጠይቅ ደግሞ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ ምን ይሠራል?» ይሉናል።

ልጆቹ ይህን የሚሉት ለመጠየቅ ሳይሆን ነገሩን ለመዝጋት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ልንወስደው ፈለግን። በእርግጥ እዚህ፣ በሪያድ፣ በደይም፣ በጅሬፍ ምን ይሠራል? ምንስ ጎድሏል?

ሥራ ፈጠራ ሲባል ብዙዎቻችሁ ወዲያው የሚታያችሁ ሱቅ መክፈት ነው። ከዚያ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። በክፍል ውስጥ ስናስተምር ግን ትርጉሙን እንዲህ እናስቀምጠዋለን፦ በአካባቢያችን የጎደለውን ነገር ለይቶ ማየት፣ ያንን ጉድለት በእጃችን ካለው ሙያ ወይም ዕቃ ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ሰው ሳይጨነቅ ሊከፍለው በሚችለው ዋጋ ማቅረብ። ገንዘብ በዚህ ትርጉም ውስጥ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ጉድለቱ ሳይታወቅ የተገኘ ገንዘብ ግን የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል።

በአንድ መንገድ ዳር አምስት ሰዎች ሻይ የሚሸጡ ከሆነ፣ ስድስተኛ ሲጨመር የሚሆነው የአምስቱን ደንበኛ ለስድስት መካፈል ነው። ይህን ስንል የሻይና የቡና ሥራን ለማቃለል አይደለም። የብዙ ተማሪዎቻችን የትምህርት ክፍያ ከጀበና ሥር የወጣ መሆኑን ደረሰኝ የሚቆርጠው ቢሯችን ያውቃል። እንዲያውም የመጀመሪያውን ምሳሌያችንን ከዚያው ከሻይ ሥራ እናምጣ።

አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የሚባሉ ሱዳናዊት በዚሁ በካርቱም ሻይ ይሸጡ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ምግብና ሻይ የሚሸጡ ሴቶችን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። እሳቸው ያዩት ጉድለት የሻይ እጥረት አልነበረም፤ ሻይማ በየጥላው ሞልቷል። የጎደለው መንገድ ዳር ብቻዋን የምትሠራ ሴት ችግር ሲደርስባት አብሯት የሚቆም አካል ነበር። አንድ ጊዜ ያልተሳካ የገንዘብ ሥራ ለዕዳና ለእስር ዳርጓቸው ነበር፤ ሲወጡ ግን ማኅበሩን አልተዉም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእሳቸው ዕዳ ለተማሪ ሊነገር አይገባም የሚል መምህር ነበረን። እኛ ግን ሽልማቱ ከሚነገር ዕዳው ቢነገር ይሻላል እንላለን፤ ተማሪ የሚፈራው ውድቀትን ነውና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገር ቤት ነው፤ ዕድሜዋም ለእናንተ ይቀርባል። ቤተልሔም ጥላሁን ያደገችው በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ሰፈሩ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሚታከሙበት ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ስለሆነ የከተማው ሰው ስሙን በበጎ አያነሣውም ነበር። ከሰፈሩ ነኝ ብሎ ሥራ ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሰፈር ጥጥ የሚፈትሉ፣ የሚሸምኑ፣ በእጃቸው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። በረባሶን ደግሞ ወላጆቻችሁ ያውቁታል፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው። ቤተልሔም በሃያዎቹ ዕድሜዋ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ከቤተሰብ በተሰበሰበ ገንዘብ በአያቷ ግቢ ውስጥ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ጀመረች። ሶሉ ከጎማ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ ነበር። ጫማው በኢንተርኔት ትእዛዝ ሳይቀር ወደ ውጭ አገር ተሸጠ፤ ድርጅቱም የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ አገኘ።

ልብ በሉ፣ ጎማው ነበረ፤ ጥጡ ነበረ፤ ፈታዩዋና ሸማኔው ነበሩ። እሷ የጨመረችው ሦስቱን ማገናኘትና ገዢውን ከሰፈሩ ውጭ መፈለግን ነው። ሰፈሩ ያጣው ሙያ ሳይሆን ለሙያው የሚከፍል ሰው ነበር። ይህን ለይታ ማየቷ ከጫማው ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሁሉም ምሳሌ ግን እንዲህ ያማረ አይደለም። በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋውን የኮብልስቶን መንገድ ታስታውሱ ይሆናል። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ ጠረቡ፣ አነጠፉ። በክረምት በጭቃ ይዘጋ የነበረ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሰው የሚሄድበት ሆነ፤ ብዙ ወጣትም ደሞዝ በላ። ማኅበረሰቡ የፈለገውን ሥራ ወጣቱ ሠራው፤ ጥሩ ነው። ችግሩ ዋናው ገዢ የከተማው አስተዳደር መሆኑ ነው። በጀት ሲቀንስ ሥራውም ይቀንሳል። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ ተቀጣሪ እንጂ ነጋዴ አይባልም፤ ያውም ጡረታ የሌለው ተቀጣሪ።

ስለ መነሻ ገንዘብ አንድ ነገር ጨምረን ወደ ሰፈራችን እንመለሳለን። ባንግላዴሻዊው የምጣኔ ሀብት መምህር ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች ያበደሩት ገንዘብ በድምሩ 27 ዶላር ነበር። ለእያንዳንዱ ሲካፈል አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ከዚያ የተነሣው ግራሚን ባንክና እሳቸው በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። እኛ ደግሞ ዕቁብ አለን፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ይህንኑ «ሰንዱቅ» ይሉታል። አራት ተማሪዎች ከቁርስ ገንዘባቸው ቆጥበው ዕቁብ ቢጥሉ መዶሻና ፒንሳ ይገዛሉ። ብዙው ሥራ ለመጀመር ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

አሁን ሪያድ ገባን። ከዑበይድ ኻቲም መንገድ እስከ ስልሳ መንገድ ባሉት ቤቶች ብዙው የሚቀዘቅዘው በውኃ በሚሠራው ሙከየፍ ነው። አሠራሩን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምራችኋል፤ ፓምፑ ውኃውን በጎኑ ባለው ገለባ ላይ ያፈስሳል፣ ፋኑ ደረቁን አየር በእርጥቡ ገለባ ውስጥ ይስባል፣ ውኃው ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ገለባው ግን በአቧራና በውኃው ጨው ይደርቃል፤ በጋው ሳይገባ መለወጥ አለበት። በየዓመቱ መጋቢት ሲቃረብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሠራተኛውም አይገኝም። የእኛም ክፍሎች አንድ ዓመት ሳይለወጥላቸው ሚያዝያ ደርሶ፣ ትናንሾቹ ልጆች ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ውለዋል።

ይህን አይተው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የሆኑ አራት ልጆች የማቀዝቀዣ ጥገና የሚሠራ አንድ ወላጅ እንዲያሳያቸው ለመኑት። ሁለት ዓርብ ተማሩ። መጀመሪያ የት/ቤቱን ለወጡ፤ ከዚያ የጎረቤት፤ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት። አንድ ቤት ሞተር አቃጥለው ከቆጠቡት ላይ ከፍለዋል፤ በዚያ ሳምንት ፊታቸው ሲታይ ያሳዝን ነበር። ሥራው ወቅት አለው፤ ክረምት ሲደርስ የሚጠራቸው የለም። ስለዚህ ፓምፕ መጠገንን ጨመሩበት። አራቱም ቀርተዋል ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር። አንዱ ባለፈው ዓመት ሄዷል። ሦስቱ አሉ፤ አንዱም ማታ ማታ በእኛው ክፍል ለፈተና ያጠናል።

ስለ ሒሳብ ደግሞ ከሌላ ቡድን የተማርነውን እናካፍላችሁ፤ ቁጥሩን ለትምህርት እንዲመች አቃልለነዋል። ሴት ተማሪዎቻችን ለክፍላቸው መጻሕፍት መግዣ አምባሻ ጋግረው በእረፍት ሰዓት ሊሸጡ ተነሡ። 60 ቁራጭ፣ አንዱ በ5 ፓውንድ፣ 300 ፓውንድ ይመጣል አሉ። ዱቄት፣ ዘይትና እርሾ 180 ስለፈጀ 120 ፓውንድ አተረፍን ብለው በሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሰሌዳው አጠገብ ቆመን አብረን ቆጠርን። የተሸጠው 48 ነው፤ 12ቱን ራሳቸውና ወንድሞቻቸው በልተውታል። ስለዚህ የገባው 240 ነው። የከሰል 30፣ አምባሻውን ላመጣው ራክሻ 40 ተከፍሏል፤ ማንም አልጻፈውም። 180፣ 30 እና 40 ሲደመር 250 ይሆናል። አትራፊዎቹ 10 ፓውንድ ከስረዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ያቦካችው እናት ድካም ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ክፍሉ ሳቀ፤ አንዷ ልጅ ግን አለቀሰች። ሳቁንም እንባውንም ትተን ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ ረድፍ ጻፍን፤ 40 ቁራጭ ብቻ ቢጋገር፣ ክፍሎቹ ከዋዜማው ቢያዝዙ፣ ራክሻው ቀርቶ ሁለት ልጆች በእግር ይዘው ቢመጡስ? በሚቀጥለው ጊዜ ያተረፉት ትንሽ ነበር፤ ግን እውነተኛ ትርፍ ነበር። የወጪ ደብተር መያዝን ከዚያ ቀን በኋላ ለማስተማር አልተቸገርንም።

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ ሙከየፍ እንዲያጥብ አይደለም» ያሉን አባት አሉ። አልተቀየምናቸውም፤ ብዙዎቻችን በዚያ አስተሳሰብ አድገናል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን እየተሳደብን ሸማውን ለብሰን፣ በማረሻው አርሰን፣ በምጣዱ ጋግረን የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እኛ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ይሥራ አንልም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ሥራ የሚባል ነገር እንዳይኖር ከቡድኖቹ ጋር ተስማምተናል፤ ውጤቱ የወረደ ተማሪም ውጤቱ እስኪስተካከል ከቡድኑ ይወጣል። የምንለምናችሁ ልጁ ያመጣትን ትንሽ ገንዘብ በሙሉ ለቤት ወጪ እንዳትወስዱበት ነው። መዶሻው ሲሰበር የሚገዛው በዚያ ነው።

የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ነገር መታለፍ የለበትም። በሰው አገር ነን። ከት/ቤቱና ከቅርብ ጎረቤት ያለፈ ሥራ በአዋቂ ስም፣ ሕጉን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተመክሮ መሠራት አለበት። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ልጆቹንም ያናድዳል። ቢሆንም ሳይጠየቅ የሚጀመር ነገር እንዳይኖር አደራ እንላለን።

እንግዲህ ለዕረፍት ጊዜ የሚሆን ሥራ እንስጣችሁ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያላችሁ ተማሪዎች አንድ ሳምንት ሙሉ በቤታችሁና በሰፈራችሁ ሰዎች «የለም፣ አጣን፣ ማን ያደርግልናል?» ሲሉ የሰማችሁትን ጻፉ። ለመጀመር ያህል እኛ የሰማነውን እንንገራችሁ፤ በሰው ቤት የምትሠራ እናት እስክትመለስ ልጇን ተቀብሎ የሚያስጠና ሰው፣ ዓረብኛ ለማያውቅ በሽተኛ ሐኪም ቤት አብሮ ሄዶ የሚያስተረጉም፣ በልኩ የሚሰፋ ዩኒፎርም። ከጻፋችሁት ውስጥ አንዱን ምረጡ። ጉድለቱን ለመሙላት በሰፈሩ ውስጥ ሙያው ያለው ማን እንደሆነ በስሙ ጻፉ። ከዚያ በአምባሻው ሒሳብ ዓይነት ወጪውን አንድ ሳታስቀሩ ዘርዝሩ፤ ከሰሉንም፣ የእናትን ሌሊትም። ደብተራችሁን ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍል ኃላፊያችሁ አስረክቡ። የማቀዝቀዣው ቡድን አባላት የሆኑት ሦስቱ ልጆች ደብተሮቹን ከእኛ ጋር ያነባሉ።