የኮማንዶ ጉልበት እስከ ምን ድረስ ነው?

«ኮማንዶ ይላክና ያስለቅቃቸዋ!» ሰው ታገተ በተባለ ቁጥር ሻይ ቤት የምንሰማው ፍርድ ይህ ነው። ለመሆኑ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው? በምሳሌ እንመልከት።

ሀ. የተሳካበት

ሰኔ 27 ቀን 1968 ዓ.ም. የእሥራኤል ኮማንዶዎች ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ገብተው 102 ታጋቾችን አስለቀቁ። ታጋቾቹ ያሉበት አዳራሽ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ሕንፃውን የሠራው የእሥራኤል ኩባንያ ነው፤ ቀደም ብለው የተለቀቁ ታጋቾችም ያዩትን ተናግረዋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ እንኳ 3 ታጋቾችና የኮማንዶዎቹ አዛዥ ሞቱ። ሆስፒታል የቀሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትም በኋላ ተገደሉ።

ለ. የከሸፈበት

በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. አሜሪካ ቴህራን የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ምርጥ ጦሯን ላከች። ከ8 ሄሊኮፕተሮች በረሃው ላይ ለሥራ ብቁ ሆነው የተገኙት 5 ብቻ ስለሆኑ ዘመቻው ተሠረዘ። ሲመለሱ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ተጋጭተው 8 ወታደሮች ሞቱ። 52ቱ ታጋቾች የተፈቱት በጥር 1973 ዓ.ም.፣ በአልጄሪያ አደራዳሪነት፣ ከ444 ቀን በኋላ ነው።

ሐ. የጎረቤታችን ምሳሌ

ከሀብሩ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ የአፋር ምድር ነው። በዚያው በአፋር፣ ርቆ ወደ ሰሜን፣ የካቲት 22 ቀን 1999 ዓ.ም. 5 አውሮፓውያንና አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ታገቱ። አውሮፓውያኑ በ12 ቀናቸው ኤርትራ ውስጥ ተለቀቁ። 8 ኢትዮጵያውያን ግን እስከ ሚያዝያ ቆዩ፤ ለመፈታታቸው የአፋር ሽማግሌዎች ብዙ ደክመዋል።

በጥር 2004 ዓ.ም. ደግሞ ኤርታ አሌ ላይ 5 ጎብኝዎች ተገደሉ፤ ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኢትዮጵያውያን ተወሰዱ። ጀርመኖቹ በየካቲት መጨረሻ የተለቀቁት በአገር ሽማግሌዎች አማካይነት ነው።

መ. ምክንያቱስ ምንድን ነው?

1. ኮማንዶ የሚጠቅመው የታጋቹ ቦታ በትክክል ሲታወቅ ነው። ሜዳ ላይ ታጋች ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይወሰዳል።
2. ድንገተኛነት ያስፈልጋል። በገላጣ በረሃ የመኪና አቧራ ከሩቅ ይታያል፤ የሄሊኮፕተር ድምፅም ቀድሞ ይሰማል።
3. ጦር እንደ ልቡ ድንበር አይሻገርም።
4. አጋቹ ታጋቹን ለመግደል አንዲት ሴኮንድ ትበቃዋለች።

ሽማግሌው ግን አገሩን ያውቃል፣ ጎሣውን ያውቃል። አፋር ሰው ከሰው ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጥበት «ዳጉ» የሚባል ሥርዓት አለው፤ በዚያ በረሃ የሰማ ሁሉ ለሚቀጥለው ያሰማል። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ኮማንዶ በሥልጠና አያገኘውም።

ይሁንና ሽምግልናም ወሰን አለው። የሞተውን አያስነሣም፣ ገዳዩንም ለፍርድ አያቀርብም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይተካል ማለታችን አይደለም። ቅድሚያ የሚሰጠው የታጋቹ ሕይወት ከሆነ፣ በር ከመስበር በፊት በሩን ማን ሊያስከፍት እንደሚችል መጠየቅ ይገባል ነው የምንለው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ነገ ቆላ ቀበሌ ስትመደቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት የቤት ኪራይ ብቻ አይሁን። የአካባቢው ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ፣ የወሎ አበጋሮች ሰው እንዴት እንደሚያስታርቁ ጠይቁ፤ ሄዳችሁም ተዋወቋቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ ትውውቅ ለመጀመር ጊዜ የለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በኢንቴቤ የነበረው በቴህራን ያልነበረው ምንድን ነው?
2. በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያኑ ከአውሮፓውያኑ ይበልጥ መቆየታቸው ምን ያሳስባችኋል?
3. በየትውልድ ቀበሌያችሁ ጠብ ሲነሣ ቃሉ የሚሰማ ማን ነው? ለምንስ ይሰማል?